«በቀን ሠላሳ ደቂቃ ይራመዱ»፦ የእግር ጉዞ ምክር በቆቦ፣ በወልድያና በመርሳ

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ሰው በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሰጠው ምክር ከሐኪም ሐኪም ብዙም አይለያይም። ጨው ይቀንሱ፣ መድኃኒትዎን አያቋርጡ፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ያህል በእግርዎ ይራመዱ ይባላል። መድኃኒቱን በተመለከተ ባለሙያው ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት በመድኃኒት ቤቱ መኖር አለመኖሩን ያጣራል፤ ከሌለም በሌላ ይተካል። ስለ እርምጃው ግን «የት?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ታካሚዋ የቆቦ ከተማ ነዋሪ የሆኑ የስድሳ ዓመት እናት ቢሆኑ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከጤና ተቋሙ ሲወጡ የሚጠብቃቸው የራያ ቆላ ፀሐይ፣ አቧራማ የመንገድ ዳርና ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚፈጸምበት ቦታ ከታጣ፣ በመድኃኒት ቤቱ የሌለ መድኃኒት ከማዘዝ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ላይ የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕክምና አልጀመሩም ነበር። በዚያው ጥናት በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉ ሆነው የተገኙት ከአሥር ሰዎች አንድ እንኳ አይሞሉም። ይህ ቁጥር በቅድሚያ የሚያስደስት ቢመስልም ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛ፣ የኢትዮጵያዊው እርምጃ በአብዛኛው የፈቃድ ሳይሆን የግዴታ ነው፤ ውኃ ለመቅዳት፣ ገበያ ለመድረስ፣ ከብት ለመንዳት ይኬዳል። ሁለተኛ፣ ሰው ከገጠር ወደ ከተማ፣ በተለይም ወደ ኮሌጅ ከተማ ሲገባ ይህ ልማድ በአጭር ጊዜ ይለወጣል። ትናንት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየዕለቱ ረጅም መንገድ ይጓዝ የነበረ የራያ ልጅ ዛሬ ከመኝታ ክፍል ወደ መማሪያ ክፍል ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ይጓዛል፤ ከግቢ ሲወጣም ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

በመሆኑም በበለጸጉት ሀገሮች ስለ «መራመድ የሚመች ከተማ» ሲነገር ጥያቄው ሰዎችን ከመኪናቸው እንዴት እናውርዳቸው የሚል ሲሆን፣ በሰሜን ወሎ ከተሞች ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው። ሕዝቡ ዛሬም በእግሩ ይሄዳል። በመሄዱ እንዳይጎዳና ገቢው ትንሽ ከፍ ባለ ጊዜ እግሩን እንዳይተው ማድረግ ነው ቁም ነገሩ።

ለእግር የሚመች ከተማ ሲባል

የከተማ ጥናት ባለሙያዎች አንድን ከተማ ለእግረኛ ምቹ ነው የሚሉት ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልጉት ነገሮች፣ ማለትም ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የጸሎት ቤቱና መናኸሪያው፣ ከመኖሪያ ቤት በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ እርምጃ ውስጥ ሲገኙ፣ ወደእነርሱ የሚወስደው መንገድም ቀጥተኛ፣ ከአደጋ የተጠበቀና የማያሰለች ሲሆን ነው። ርቀት ብቻውን መለኪያ አይደለም። በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚራመድ ወጣት በአሥር ደቂቃ 750 ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር የሚራመዱ አዛውንት ግን በዚያው ጊዜ የሚደርሱት 480 ሜትር ድረስ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከቤታቸው ዙሪያ በሁሉም አቅጣጫ ሲታሰብ አዛውንቱ በአሥር ደቂቃ የሚያካልሉት ስፋት ወጣቱ ከሚያካልለው አርባ በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። በአንድ ከተማ እየኖሩ የሁለቱ ከተማ አንድ አይደለም ማለት ነው። መንገዱ ላይ ድልድይ የሌለው ቦይ ወይም ዙሪያውን የታጠረ ሰፊ ግቢ ካለ ደግሞ ይህ ስፋት እንደገና ይቀንሳል።

ግቢ መታጠሩ በኮሌጅ ከተሞች ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። በኢትዮጵያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች በአብዛኛው በአጥር የተከበቡና በጥቂት በሮች የሚገባባቸው ናቸው። ይህም የራሱ የጥበቃ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ሦስት መቶ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ሁለት ሰፈሮች በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊራራቁ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ምጥ ሲይዛት በየት በኩል ታልፋለች የሚለው ጥያቄ የግቢው ንድፍ ሲወጣ መነሳት የነበረበት ነው። የእናቶችን ሞት በሦስት መዘግየቶች የሚተነትነው የታዴዎስና የሜይን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ከወጣ ወዲህ ሁለተኛው መዘግየት፣ ወደ ጤና ተቋም ለመድረስ የሚባክነው ጊዜ፣ በሁሉም የጤና ባለሙያ ዘንድ ይታወቃል። ይሁንና መዘግየቱ የገጠር ብቻ ተደርጎ መታሰቡ ስሕተት ነው።

ሦስቱ ከተሞች

ወልድያ፣ ቆቦና መርሳ በአንድ አውራ ጎዳና ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰኩ ናቸው። ከደቡብ ሲመጡ አስቀድሞ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ፣ ቀጥሎ የዞኑ መዲና ወልድያ፣ ከዚያም ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የራያ ቆቦ ወረዳ ዋና ከተማ ቆቦ ትገኛለች። ወልድያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይና እርዳታ መሠራት የጀመረው የወልድያ ወረታ መንገድ መነሻም ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ወልድያ 46 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ነበሯት። የራያ ቆቦ ወረዳ በዚያው ቆጠራ ወደ 222 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሲኖረው የከተማ ነዋሪው ከመቶ አሥራ አምስት ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሀገር አቀፍ ቆጠራ ባለመካሄዱ እነዚህ ቁጥሮች አርጅተዋል፤ የጤና ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ሳይዘነጋ ሊጠቀምባቸው ይገባል።

ወልድያ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ስትሆን፣ መርሳ በግብርና ኮሌጇ ትታወቃለች። ቆቦ የወጣት ሠልጣኞች ከተማ ከመሆኗም በላይ ልጆቿን ወደ ወልድያና ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ትልካለች። የሦስቱ አቀማመጥ እጅግ ይለያያል። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተራሮች መካከል የተመሠረተች ስለሆነች አየሯ ለእርምጃ የሚስማማ ነው፤ የሚያስቸግረው ዳገቱ ነው። በተራራ ተጓዦች ዘንድ ከቆየው የናይስሚዝ ስሌት እንደሚገመተው በየመቶ ሜትሩ ዳገት አሥር ደቂቃ ያህል በጉዞው ላይ ይጨመራል። ለጤነኛ ተማሪ ይህ ነፃ የስፖርት አዳራሽ ነው፤ የልብ ድካም ወይም የጉልበት አንጓ ሕመም ላለበት ግን ሰፈሩን ከገበያው የሚለይ አጥር ነው። ቆቦ በተቃራኒው በስተ ምዕራብ ባለው የላስታ ከፍታና በስተ ምሥራቅ በተጋደመው የዞብል ተራራ መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ፣ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መሬቱ ለእግርም፣ ለብስክሌትም፣ ለተሽከርካሪ ወንበርም ከወልድያ ይልቅ የተመቸ ነው። አካል ጉዳተኛ ሰው ያለ ረዳት የሚንቀሳቀስባት ከተማ ለመሆን ከሦስቱ የተሻለ ዕድል ያላት ቆቦ ናት። ይህን ዕድል የሚነጥቋት ሙቀቱ፣ ጎርፉና ጎዳናው ናቸው። መርሳ ከሁለቱም ታንሳለች፤ ትንሽነቷ ራሱ ጸጋ ነው፤ አብዛኛው ነገር በእግር ይደረስበታልና። ችግሯ አውራ ጎዳናው በመካከሏ ማለፉ ነው።

ከእነዚህ ጋር ለማነጻጸር ባሕር ዳርን ማንሳት ይጠቅማል። እርሷም በ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ተቋሟ ሲከፈት ትንሽ ከተማ ነበረች። ሜዳማ መሬቷ፣ ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎቿ ብስክሌትን የነዋሪው ልማድ አድርገውታል። ቆቦ ሐይቅ ባይኖራትም ሜዳው አላት።

በወልድያ በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር የተመረቀውና በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም የከተማዋ መኩሪያ ነው። ለእግር ኳስና ለአትሌቲክስ የሚሰጠው ጥቅም አያጠያይቅም። ነገር ግን የደም ግፊት ሕመምተኛ የሚራመደው በስታዲየም ሳይሆን ከቤቱ እስከ ሱቅ ነው፤ የሁለት ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ በጤና መለኪያ ቢመዘን ከብዙ መቀመጫ የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

ሙቀት፣ ጥላና ጎርፍ

በራያ ቆላ ከግንቦት እስከ ሰኔ ባሉት ሞቃት ሳምንታት ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ በፀሐይ መራመድ ለሕመምተኛ አይመከርም። ሰውነት በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የሚያመነጨውን ሙቀት የሚያስወግደው ደምን ወደ ቆዳ በማብዛትና በላብ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ፈሳሽና ጨው አስቀድሞ ስለሚያጣ፣ ኢናላፕሪል የሚወስደውም የደም ግፊቱን ሚዛን የመጠበቅ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በሙቀት ውስጥ ረጅም እርምጃ ራስን መሳትና የኩላሊት ጉዳት ሊያስከትልባቸው ይችላል። ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ ከተጨመረ ለኩላሊት ያለው አደጋ ይበረታል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ የስኳር መጠኑ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል በኪሱ ስኳር ወይም ከረሜላ ይዞ መውጣት አለበት። ራያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋልዶ የሚኖርበት ምድር እንደመሆኑ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም የእርምጃው ሰዓት ከአመጋገቡና ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል፤ «ይራመዱ» ብሎ ማሰናበት በቂ አይደለም።

ጥላ እዚህ ላይ የጌጥ ነገር መሆኑ ይቀራል። በቀጥታ የሚወርደውንና ከአስፋልትና ከቆርቆሮ የሚንጸባረቀውን ጨረር ዛፍ ስለሚከለክል፣ የአየሩ ሙቀት ብዙም ሳይለወጥ እንኳ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ሙቀት በእጅጉ ይቀንሳል። ከጤና ተቋም በር እስከ መናኸሪያ ባለው መንገድ ዳር ዛፍ መትከል ለቆቦ የሕክምና ሥራ አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግኙ እስኪጠና ድረስ ውኃ የሚያጠጣ ሰው ካልተመደበለት ግን በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል፤ በየዓመቱ የሚተከሉ፣ በየዓመቱም የሚደርቁ ችግኞች የዚህ ምስክር ናቸው።

ውኃው ራሱ በሌላ በኩል ይመጣል። ከምዕራቡ ተዳፋት የሚወርዱት እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ክረምት ሲገባ በድንገት ይሞላሉ። የራያ ገበሬ ይህን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን ሲያጠጣበት ኖሯል፤ ለገበሬው በረከት የሆነው ውኃ ለከተማው እግረኛ መንገድ ቆራጭ ነው። ያልተከደነ ቦይ በማታ የሰው እግር ይሰብራል፤ በጋውን ቆሻሻ ተሞልቶ ሲደፈን ደግሞ የረጋ ውኃ ይይዛል። ቆላው የወባ አካባቢ መሆኑን ለማስታወስ ያህል፣ ለእርምጃ ቀዝቃዛው ሰዓት ምሽት ቢሆንም ምሽቱ የወባ ትንኝም ሰዓት ነው። በተጨማሪም ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችውና ኋላም በአማራ ክልል በባቲ የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትራባው በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ነው። ለቤት ግንባታ ተብሎ በየሰፈሩ የሚቆፈረው የውኃ ጉድጓድ እንግዲህ የእግረኛም የወባም ጉዳይ ነው።

ጎዳናው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል እግረኛ ነው። የፍጥነት ነገር በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አሥራ አራት ሜትር ስፋት ያለውን ጎዳና አንድ አዛውንት በሰከንድ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር እየተራመዱ ለማቋረጥ አሥራ ሰባት ሰከንድ ተኩል ይፈጅባቸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 243 ሜትር፣ በ30 የሚሄደው ደግሞ 146 ሜትር ይጓዛል። አዛውንቱ እግራቸውን ሲያነሱ መኪናው ገና ከዓይናቸው ርቆ ነበር ማለት ነው፤ «ሳያዩ ገቡ» የሚባለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ ትክክል የማይሆነው ስለዚህ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ በ50 የሚሄድ አሽከርካሪ ለማሰብ ከሚፈጅበት አንድ ሰከንድ ጋር ለመቆም ወደ 28 ሜትር ሲያስፈልገው፣ በ30 የሚሄደው በ13 ሜትር ይቆማል። ከመካከላቸው ያለው አሥራ አምስት ሜትር አንድን ተማሪ ወይ ለመማሪያ ክፍል፣ ወይ ለድንገተኛ ክፍል ይዳርጋል።

የቆቦና የመርሳ ችግር አውራ ጎዳናው ሁለት ሥራ መያዙ ነው። ለከባድ መኪናው የሀገር አቋራጭ መንገድ ሲሆን ለነዋሪው የመንደር መንገድ ነው። በገበያ ቀን ፍየሉ፣ ግመሉ፣ ጋሪው፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ፤ ለእግረኛው የተረፈው ጥርጊያ ደግሞ በሸቀጥና በቆመ ባጃጅ ይያዛል። ባጃጅን መውቀስ ግን ቀላል መንገድ መምረጥ ነው። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት የሚያደርሰው፣ ለብዙ ወጣትም እንጀራ የሆነው እርሱ ነው። የሚያስፈልገው ማቆሚያና የፍጥነት ገደብ ነው።

ስለ ኑሮ ምቹነት በሚነገርበት ጊዜ ጦርነቱን አለማንሳት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላ ዘለቀ፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ዳግም ሲያገረሽ ውጊያው በቆቦ አካባቢ ተጀመረ። በአካባቢው የነበሩ የጤናና የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጉዞን በተደጋጋሚ ሲያስተጓጉል ቆይቷል። ተሽከርካሪ በሚቆምበት ቀን የሚቀረው እግር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው በእግር መደረሱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ውጊያ በተካሄደባቸው ስፍራዎች ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ስለሚችልም ሕመምተኛን «ወደ ሜዳው ወጣ ብለው ይራመዱ» ከማለት በፊት አካባቢውን ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

የፖንቴቬድራው ሐኪም

በሰሜን ምዕራብ ስፔን የምትገኘው ፖንቴቬድራ ሰማንያ ሦስት ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት፣ የቪጎ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ያለባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ሚጌል አንሾ ፈርናንዴዝ ሎሬስ በሙያቸው ሐኪም ናቸው። ሥራቸውን የጀመሩት አላፊ መኪናን ከመሀል ከተማ በማስወጣትና የቀረውን ፍጥነት በመቀነስ ነበር። ከዚያ በኋላ ለተከታታይ ዓመታት በከተማዋ ጎዳናዎች በትራፊክ አደጋ ሰው ሳይሞት ቀርቷል። ከሥራዎቻቸው ለድኻ ከተማ እጅግ የሚስማማው ግን ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፦ የከተማዋ አስተዳደር እንደ ባቡር መስመር ካርታ ተደርጎ የተሣለ፣ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚያሳይ ካርታ አሳትሞ በየቦታው ለጠፈ። ሰው ሁልጊዜ ርቀትን ከእውነቱ አብልጦ ይገምታልና፣ «ሰባት ደቂቃ» የሚለው ጽሑፍ ብዙዎችን በእግራቸው አስነሥቷል።

በኢትዮጵያም መንገዱ አልተዘጋም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከሌሎች ጋር ሆኖ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተሰኘውን ከመኪና ነፃ ቀን አስጀምሯል፤ ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሠራበት ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ሀገር አቀፍ ስትራቴጂም ወጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛና የብስክሌት መንገድን ይዞ ወደ ክልል ከተሞች እየተስፋፋ ነው። ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ሲደርስ አስቀድሞ የሚሠራው የትኛው መንገድ ይሁን የሚለውን ለመወሰን መረጃ ያስፈልጋል። ይህን መረጃ ከሌሎች ይልቅ በእጃቸው የያዙት በየቤቱ በእግራቸው የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው።

ከጤና ተቋሙ በር ጀምሮ

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ሲያሠለጥን ከተማን በእግር ዞሮ መመርመር የትምህርቱ አካል ነበር። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች በቆቦና በመርሳ ይህንኑ ቢያደርጉ የሚያስፈልጋቸው የእጅ ሰዓት፣ ሜትርና ወረቀት ብቻ ነው። ከጤና ተቋሙ በር ተነሥተው በአራት አቅጣጫ፣ በመጀመሪያ በራሳቸው እርምጃ፣ ቀጥሎ ከአንድ አዛውንት ጋር ወይም ሕፃን ካዘለች እናት ጋር አሥር ደቂቃ ይሄዳሉ፤ የደረሱበትንም ይመዘግባሉ። እግረኛው ከአስፋልቱ ወርዶ የሚሄድበት ስፍራ የሚጠፋው የት ላይ ነው? በስድስት ሰዓት ጥላ ያለው ከመንገዱ ምን ያህሉ ነው? ቦዩ የት ተከፍቷል? ሴቶች ከመሸ በኋላ የማያልፉበት መንገድ የትኛው ነው? ውሻ ያሳደዳቸው ስንት ናቸው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ግን የንጋት እርምጃን የሚያስቀር ዋነኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ውጤቱ በአንድ ገጽ ካርታ ላይ ተሥሎ አንዱ ቅጂ በተመላላሽ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው ለከተማው አስተዳደር ይሰጣል። የድንገተኛ ክፍሉ መዝገብም የትራፊክ ጉዳት የደረሰበትን ሰው ስምና ዕድሜ ብቻ ሳይሆን አደጋው የደረሰበትን ስፍራና ሰዓት ቢይዝ፣ በስድስት ወር ውስጥ የፍጥነት መቀነሻ የት ሊሠራ እንደሚገባ ይናገራል።

እስከዚያው ድረስ ምክሩ ራሱ ሊታረም ይችላል። በቆቦ ለሚኖሩት የስድሳ ዓመት እናት የሚጻፈው «በቀን ሠላሳ ደቂቃ» የሚል ብቻ ሳይሆን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ከጎረቤት ጋር፣ አሥር አሥር ደቂቃ እየተከፈለ የሚል ይሁን። የስኳር ሕመም ካለባቸው ጫማቸው ሳይወልቅ አይሰናበቱ፤ ባዶ እግር ወይም ላስቲክ ጫማ በጠጠር መንገድ ላይ ስሜት ላጣ እግር የቁስል መነሻ ነው። እግራቸው ይታይ፣ በጣት ይዳሰስ፣ ማታ ማታ ራሳቸው ወይም ልጃቸው እንዲያየው ይነገራቸው። በቀጠሯቸው ቀንም ከደም ግፊቱ ልኬት ጎን ባለው ባዶ ስፍራ ላይ የት እንደተራመዱ ይጻፍ።